ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ ኮድ የሚጠይቅ የሆንዳ ሬዲዮ እንዴት ይከፈታል

"ባትሪ ቀየርኩ፣ ሬዲዮው ኮድ አስገባ ብሎ ቀጥ አለ፣ ምን ላድርግ?" የሚል ጥያቄ ይመጣልኛል፣ ይመጣልኛል፣ አያልቅም። ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ስመልስ ከምኖር አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ሌላ ሰው ከጠየቃችሁ ይሄንን ላኩለት። የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ አሜሪካ ያሉ አኮርድ፣ ሲቪክ፣ ሲአርቪ ወይ ኦዲሲ የያዙ ስለሆኑ የምጽፈው በዋናነት ስለ ሆንዳ ነው። አኩራም የሆንዳ ልጅ ስለሆነ አካሄዱ ያው ነው። ቮልስዋገን ያላችሁ ወደ መጨረሻው ውረዱ፣ አጠር ያለ ነገር አለላችሁ።

መጀመሪያ ተረጋጉ፣ ሬዲዮው አልተበላሸም። ውስጡ የሌባ መከላከያ አለው፣ ከባትሪ የሚመጣለት ቋሚ ፓወር ከተቋረጠ ከመኪናው ተነቅሎ የተሰረቀ ይመስለውና ራሱን ይቆልፋል። ባትሪ ብትነቅሉ፣ ባትሪው ሌሊት ሙሉ በሙሉ ቢሞት፣ ወይ የሬዲዮውን ፊውዝ ብታወጡ ለሱ ሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ጥገና ሳይሆን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ የዛ የአንዱ ሬዲዮ ብቻ ነው፣ የጓደኛችሁ 2006 አኮርድ ኮድ የናንተን 2006 አኮርድ አይከፍትም፣ አትሞክሩት፣ ሙከራ ማባከን ነው፣ ለምን እንደሆነ ታች ታዩታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመኪናው ቁልፍ፣ እና ሞተር የሚያስነሳ ጤነኛ ባትሪ
- የባትሪውን ማሰሪያ ለማጥበቅ 10 ቁጥር ቁልፍ
- ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ወይም ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ (ቁጥሩ ስክሪን ላይ ቶሎ ስለሚያልፍ ቪዲዮ ይሻላል)
- 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የመኪናው ቪን (የሻንሲ ቁጥሩ)
- ኢንተርኔት
- ዲለር መሄድ ካስፈለገ ሬጅስትሬሽንና መታወቂያ
- ሬዲዮው አሮጌ ሆኖ መውጣት ካለበት ብቻ፦ ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ

አብዛኛው ሰው የመጨረሻውን አይፈልገውም፣ ስለዚህ ካቻቢቴ ይዛችሁ ዳሽቦርድ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ደረጃዎቹን በተራ ሂዱ።

1. የባትሪውን ማሰሪያ አጥብቁ

ኮፈኑን ክፈቱና ሁለቱንም ተርሚናል በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም ማለት ነው፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ አጥብቁት። ነጭ ወይ አረንጓዴ ዱቄት ነገር ካለው ጥረጉት። ይሄ ለምን ከሬዲዮ ጋር ይገናኛል ካላችሁ፣ ያልጠበቀ ማሰሪያ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ለቅፅበት ይላቀቅና ሬዲዮው እንደገና ይቆለፋል። ኮዱን አስገብቼ ሰራ፣ በነጋታው ደግሞ ጠየቀኝ የሚሉኝን ሰዎች መጀመሪያ ማሰሪያውን ነቅንቁት ነው የምላቸው።

2. የፓወር በተኑን ተጭናችሁ ያዙ

ይሄንን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ግን አዲስ ለሆኑት ሆንዳዎች (በግምት ከ2012 ወዲህ ላሉት ብዙዎቹ) ችግሩ እዚህ ጋር ያልቃል። ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፣ ሬዲዮውን አብሩት፣ ከዛ የሬዲዮውን የፓወር በተን ከ2 ሰከንድ በላይ ተጭናችሁ ያዙ። ሬዲዮው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል፣ ያው የድሮ መኪናው ውስጥ እንዳለ ካረጋገጠ ምንም ኮድ ሳይጠይቅ ይከፈታል። ከሌላ መኪና የመጣ ሬዲዮ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ አያውቀውም፣ ያኔ ዲለር ነው።

ካልሰራ ምንም አልጎደለባችሁም፣ ይሄ እንደ ሙከራ አይቆጠርም፣ ወደ 3 እለፉ።

3. ኮዱ መኪናው ውስጥ ተለጥፎ እንደሆነ ፈልጉ

ሆንዳ መኪናውን አዲስ ሲሸጥ የሬዲዮውን ሲሪያል (መለያ ቁጥሩን) እና ኮድ የያዘች ትንሽ ካርድ ወይ ስቲከር አብሮ ይሰጣል። ካርዷ አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው ማኑዋል ካለበት ቦርሳ ውስጥ ነው የምትገኘው። ስቲከሯን ደግሞ የድሮ ባለቤት ወይ ዲለሩ ደበቅ ያለ ቦታ ለጥፏት ይሆናል፦ የግሎቭ ቦክሱ ውስጥ ጎን ላይ፣ ግሎቭ ቦክሱን ሙሉ ብታወርዱት ከጀርባው፣ የሲጋራ መተርኮሻው ስር፣ ማኑዋሉ የመጨረሻ ገፆች ላይ። በባትሪ መብራት እያያችሁ ፈልጉ፣ ምክንያቱም ስቲከሯ የጣት ጥፍር ትበልጣለች እንጂ ትልቅ አይደለችም።

ሰከንድ ሀንድ የገዛችሁት ከሆነ የድሮውን ባለቤት ደውሎ መጠየቅም ይቻላል፣ ስልኩ ካላችሁ ማለቴ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፣ ስቲከር ስታገኙ ሁለት ቁጥር ነው የምታዩት። ረጅሙ ሲሪያል ነው፣ አጭሩ (4 ወይ 5 አሃዝ) ኮዱ ነው። ሬዲዮው የሚፈልገው አጭሩን ነው።

4. ስቲከር ከሌለ የሬዲዮውን ሲሪያል ከራሱ ከሬዲዮው አውጡ

ይሄ ዋናው ደረጃ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሀ. ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፣ ሞተር ማስነሳት ግዴታ አይደለም። ሬዲዮው ኢንተር ኮድ ወይ ኮድ የሚል ነገር ያሳያል።
ለ. ሬዲዮውን በራሱ በተን አጥፉት፣ ቁልፉን ግን አታጥፉ።
ሐ. ጣቢያ የምታስቀምጡባቸውን ቁጥር 1ን እና ቁጥር 6ን በተኖች አንድ ላይ ተጭናችሁ ያዙ።
መ. ሁለቱን ሳትለቁ የፓወር በተኑን ተጫኑና ልቀቁ።
ሠ. ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ቅረጹ።

ብዙዎቹ ላይ ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ነው የሚመጣው፦ መጀመሪያ ዩ የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከ4 አሃዝ ጋር፣ ቀጥሎ ኤል ከ4 አሃዝ ጋር። ሲሪያሉ የሁለቱ ቅጥያ ነው፣ ፊደሎቹን ትታችሁ 8ቱን አሃዝ በተከታታይ ጻፉ። ለምሳሌ ዩ 2204 ከዛ ኤል 1873 ካለ፣ ሲሪያሉ 22041873 ነው። አንዳንድ ሞዴል ላይ ሳይከፈል በአንዴ ረዘም ብሎ ይመጣል፣ ያንንም እንዳለ ጻፉት።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ሁለት ጣት ለ1 እና 6፣ ሌላ እጅ ለፓወር፣ ስልኩ የት ይያዝ ትሉ ይሆናል፣ መሪው ላይ አስደግፉት ወይ አጠገባችሁ ያለውን ሰው አስይዙት። ሰዉ ትዕግስቱ የሚያልቀው እዚህ ጋር ነው፣ 1 እና 6 እኩል ሳይያዙ ፓወሩን ይጫኑታል፣ ከዛ አይሰራም ይላሉ። መጀመሪያ ሁለቱን ያዙ፣ አንድ ሰከንድ ቆዩ፣ ከዛ ፓወር። ደጋግማችሁ ሞክሩ፣ ይሄም ቢሆን ከኮድ ሙከራ አይቆጠርም።

5. ቪን ቁጥሩን ጻፉ

ከሾፌሩ ፊት ለፊት፣ የፊት መስታወቱ ታችኛ ጥግ ላይ ከውጪ ይነበባል። የሾፌሩ በር ሲከፈት ፍሬሙ ላይ ባለው ስቲከር፣ ሬጅስትሬሽኑ ላይ፣ ኢንሹራንስ ካርዱ ላይም አለ። 17 ሆሄ መሆኑን ቁጠሩ። ቪን ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደሎች በፍፁም አይገቡም፣ ስለዚህ ኦ የመሰላችሁ ነገር ዜሮ ነው፣ አይ የመሰላችሁም አንድ ነው። ገፁ ቪኑን አላውቀውም ካላችሁ መጀመሪያ እዚህ ጋር ተመልሳችሁ እዩ።

6. ኮዱን ከሆንዳ ጠይቁ

ሆንዳ አሜሪካ የሬዲዮና የናቪጌሽን ኮድ ለባለቤቶች በነፃ የሚሰጥበት የራሱ ገፅ አለው። ጎግል ላይ የሆንዳ ሬዲዮ ናቪ ኮድ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉት፣ አድራሻው የሆንዳ የራሱ መሆኑን አረጋግጣችሁ ግቡ። አኩራ ያላችሁ የአኩራውን ገፅ። የሚጠይቃችሁ ቪን፣ የሬዲዮው ሲሪያል፣ ዚፕ ኮድ፣ ስልክና ኢሜይል ነው። ሞልታችሁ ስትልኩ ሁለቱ ቁጥሮች ከመዝገቡ ጋር ከገጠሙ ኮዱን ይሰጣችኋል፣ ስክሪንሹት አንሱ።

ሲሪያልና ቪን ለምን አንድ ላይ ተጠየቀ? ሬዲዮው ከዛ መኪና ጋር መሸጡን ለማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ከጀንክያርድ ሌላ ሬዲዮ አምጥቶ ገጥሞ ከሆነ አይገጥምም፣ ገፁም ኮድ ላይሰጣችሁ ይችላል። ያኔ ሬጅስትሬሽን፣ መታወቂያና ሲሪያሉን ይዛችሁ የሆንዳ ዲለር ፓርት ወይ ሰርቪስ ክፍል ሂዱ። አንዳንዱ ዲለር ያስከፍላል አንዳንዱ አያስከፍልም፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና ጠይቁ፣ ሲሪያሉን ራሴ አውጥቻለሁ በሉ፣ ምክንያቱም የሚያስከፍሉት በብዛት ሬዲዮውን አውጥተው ቁጥሩን ለማንበብ ለሚፈጀው ስራ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮድ እናወጣለን ብለው ብር ለሚጠይቁና የሬጅስትሬሽናችሁን ፎቶ ለሚፈልጉ የማታውቋቸው ሰዎች አትላኩ። ስማችሁ፣ አድራሻችሁና ቪናችሁ አንድ ወረቀት ላይ ነው ያለው፣ በነፃ ለሚገኝ ነገር ያንን መስጠት አያስፈልግም።

7. ኮዱን አስገቡ

ቁልፉን ኦን አድርጉ፣ ሬዲዮውን አብሩ፣ ኮድ ሲጠይቃችሁ ከ1 እስከ 6 ባሉት የጣቢያ በተኖች አሃዞቹን በተራ ተጫኑ። ኮዱ 33452 ከሆነ 3ን ሁለቴ፣ 4ን አንዴ፣ 5ን አንዴ፣ 2ን አንዴ። ሌላ የሚጫን ኦኬ ምናምን የለም፣ የመጨረሻው አሃዝ ሲገባ ትክክል ከሆነ ጢጥ ብሎ በራሱ ይከፈታል።

እዚህ ጋር አንድ ነገር አስተውሉ፣ በተኖቹ ከ1 እስከ 6 ብቻ ስለሆኑ በነሱ የሚገባ ኮድ ውስጥ 7፣ 8፣ 9 ወይ 0 ሊኖር አይችልም። እጃችሁ ላይ ያለው ቁጥር ከነዚህ አንዱ ካለበት ኮድ ሳይሆን ሲሪያል ወይ የናቪጌሽን ኮድ ነው የያዛችሁት፣ አታስገቡት።

መሀል ላይ ከተሳሳታችሁስ? አቋርጣችሁ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። ሬዲዮው አሃዝ ነው የሚቆጥረው፣ ሁለት ተሳስታችሁ ካቋረጣችሁና ከአንድ ብትጀምሩ እሱ የቀድሞውን እየቀጠለ ስለሆነ ትክክለኛው ኮድ ራሱ የተሳሳተ ሆኖ ይገባል። የጀመራችሁትን የተሳሳተ ቁጥር ጨርሱት፣ ይቃወማችሁ፣ ከዛ ትክክለኛውን አዲስ አስገቡ።

8. ኤረር ካለ

የሆንዳ ማኑዋል 10 ሙከራ ይፈቅዳል። 10ሩም ካለቀ ሬዲዮው ኤረር የሚል ፅሁፍ አሳይቶ አልቀበልም ይላል፣ እና እንደገና ለመሞከር ሬዲዮውን አብርታችሁ 60 ደቂቃ መተው አለባችሁ። "አብርታችሁ" የሚለው ላይ አስምሩበት፣ ሰዉ አጥፍቶት ሄዶ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል፣ ከዛ አሁንም አልሰራም ይላል። ሬዲዮው ሰዓት የሚቆጥረው በርቶ እያለ ነው።

60 ደቂቃ ቁልፍ ኦን ላይ ሲሆን ባትሪ ይበላል፣ ደካማ ከሆነ ጭራሽ ይሞትና ወደ መጀመሪያው ትመለሳላችሁ። ወይ ቻርጀር አያይዙ፣ ወይ ሞተሩን አስነሱት። ሞተር የምታስነሱ ከሆነ መኪናው ከጋራዥ ውጪ ይሁን፣ በሩ ክፍት ቢሆንም ጋራዥ ውስጥ አይሆንም። የጭስ ማውጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል፣ ከጋራዥ ጋር በተያያዘ ቤት ውስጥ የተኙትንም ጭምር። ለሬዲዮ ሲባል የማይደረግ ነገር ነው።

9. ናቪጌሽን ያለው ከሆነ

ፋብሪካ የሰራው ናቪጌሽን ያላቸው ሆንዳዎች ላይ ሬዲዮው አንድ ኮድ፣ ናቪጌሽኑ ሌላ ኮድ ሊኖራቸው ይችላል። ሬዲዮው ተከፍቶ ካርታው አሁንም ቁጥር ከጠየቀ አትደንግጡ፣ ሁለተኛው ነው። የናቪጌሽኑ ሲሪያል ከሬዲዮው የተለየ ነው፣ በማኑዋሉ ቦርሳ ውስጥ የራሱ ካርድ አለው፣ ካርዱ ከጠፋ በዛው በሆንዳ ገፅ ይጠየቃል። የናቪጌሽኑ ኮድ ስክሪኑ ላይ በሚወጣ ኪቦርድ ስለሚገባ ዜሮም ዘጠኝም ሊኖረው ይችላል።

1 እና 6 ተጭናችሁ ሲሪያሉ እምቢ ካለ

የ90ዎቹ እና አንዳንድ የ2000ዎቹ መጀመሪያ ሬዲዮዎች ሲሪያላቸውን ስክሪን ላይ አያሳዩም፣ ሬዲዮው ወጥቶ ላዩ ላይ ወይ ጀርባው ላይ ያለው ስቲከር መነበብ አለበት። እንደ ሞዴሉ አወጣጡ ይለያያል፣ ለራሳችሁ መኪና ዓመትና ሞዴል ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩ። ግን ለሁሉም የሚሆነውን ልንገራችሁ።

ቁልፉን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ከዛ ቢያንስ 3 ደቂቃ ጠብቁ። የምትጠብቁት ለሬዲዮው ሳይሆን ለኤርባጉ ነው፣ ባትሪ ከተነቀለ በኋላም ኤርባግ ሲስተሙ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ፓወር ይቀራል። ዳሽቦርድ ውስጥ ቢጫ ሶኬት ወይ ቢጫ ሽቦ ካያችሁ የኤርባግ ነው፣ አትንኩት አትንቀሉት። ፕላስቲኩን በካቻቢቴ አትፈልቅቁ፣ ይሰነጠቃል፣ ይቧጨራል፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ርካሽ ነው።

ስቲከሩ ላይ ብዙ ቁጥር አለ፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። 39100 ወይ 39101 ብሎ የሚጀምረው የሆንዳ የፓርት ቁጥር ነው፣ እሱ ሲሪያል አይደለም። አልፓይን፣ ፓናሶኒክ፣ ሚትሱቢሺ ወይ ክላሪዮን የሚል ስም ካለ ሬዲዮውን ለሆንዳ የሰራው ድርጅት ነው፣ እሱ ጋር ያለው የሞዴል ቁጥርም አይጠቅማችሁም። ሲሪያሉ አብዛኛውን ጊዜ ባርኮዱ አጠገብ ነው። ግራ ከገባችሁ ሙሉውን ስቲከር ፎቶ አንሱና ዲለር ጋር አሳዩት፣ እነሱ ያውቁታል። ሬዲዮውን ሳትመልሱ በፊት ፎቶው ጥርት ብሎ መነበቡን እዩ፣ ሁለተኛ ዙር መፍታት ያናድዳል።

ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው

ኮዱን ከመፈለግ ይልቅ መገመት። 1111፣ 1234፣ 6666... ኮዱን ባለቤቱ አይደለም የመረጠው፣ ከፋብሪካ ነው የመጣው፣ ግምት 10ሩን ሙከራ ይጨርሳል እንጂ አይከፍትም።

ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን የሌላ ሰው ኮድ ማስገባት፣ ከላይ ብያለሁ።

ከተቆለፈ በኋላ "ባትሪውን እንደገና ልንቀለውና ልመልሰው" ማለት። የቆለፈው እሱ ነው! መንቀል ኮድ አያጠፋም።

ፊውዙን አለማየት። ሬዲዮው ጭራሽ ካልበራ ኮድ ሳይሆን ፊውዝ ሊሆን ይችላል፣ ባትሪ ሲገጠም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተቀያየረ ወይ ብልጭታ ካለ ፊውዝ ይቃጠላል። ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ኮድ ከመፈለጋችሁ በፊት በማኑዋሉ ላይ የሬዲዮውን ፊውዝ ቁጥር አይታችሁ ፈትሹት። የተቃጠለ ከሆነ በዛው አምፔር ነው የሚቀየረው፣ 10 ከሆነ በ10፣ ከፍ ያለ ብታስገቡ ሽቦው ነው የሚቃጠለው።

ኮዱን አግኝቶ የትም አለመጻፍ። ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡት፣ ቤት ወረቀት ላይም ጻፉት። ግሎቭ ቦክስ ውስጥ ሬዲዮው አጠገብ መለጠፍ ግን መቆለፉን ትርጉም ያሳጣዋል።

ሬዲዮው ከተከፈተ በኋላ የሚቀሩ ስራዎች

ባትሪ ሲነቀል የጠፋው የሬዲዮው ኮድ ብቻ አይደለም። ሰዓትና የጣቢያዎች ዝርዝር ግልፅ ነው፣ እነሱን ራሳችሁ ትሞላላችሁ። ሌሎቹን ግን ሰው ከባትሪው ጋር አያያይዛቸውም።

የሾፌሩ መስኮት በአንድ ንክኪ አልወርድም አልወጣም ሊል ይችላል። ቁልፉን ኦን አድርጋችሁ መስኮቱን ማውረጃውን ተጭናችሁ እስከታች አውርዱ፣ ከወረደም በኋላ 2 ሰከንድ ያህል ሳትለቁ ያዙ። ከዛ ወደላይ ስባችሁ እስኪዘጋ ያዙ፣ ከተዘጋም በኋላ 2 ሰከንድ ያዙ። መስኮቱ ላይኛውንና ታችኛውን ጫፍ እንደገና የሚለካው እንዲህ ነው። እጅ የሚያስገባ ልጅ አጠገብ አይኑር።

ሞተሩ ቆሞ ሲሰራ ከፍ ዝቅ እያለ ከተንቀጠቀጠ አይድሉን (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሰራበትን ዙር) እንደገና መማር አለበት። ኤሲ፣ መብራት፣ ሬዲዮ ሁሉንም አጥፉ፣ ማርሹ ፒ ላይ ይሁን፣ አስነሱትና የራዲያተሩ ፋን እስኪነሳ ነዳጅ ረግጣችሁ የሞተሩን ዙር 3000 አካባቢ ያዙት። ከዛ እግራችሁን አንሱና 5 ደቂቃ ያህል ለብቻው ይስራ። በዛ 5 ደቂቃ ውስጥ ፋኑ ከተነሳ የፋኑን ጊዜ አትቁጠሩት። ይሄንንም ውጪ ላይ ነው የምታደርጉት።

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ይሄ ይመለከታችኋል፦ ባትሪ ሲነቀል የሞተሩ ኮምፒውተር ለኢሚሽን (ለጭስ) ምርመራ የሚፈለጉትን ሞኒተሮች፣ ማለትም የራሱን ፍተሻ ውጤቶች፣ ያጠፋቸዋል። ባትሪ በቀየራችሁ ማግስት ኢሚሽን ብትሄዱ ቼክ ኢንጂን ሳይበራ እንኳን "ዝግጁ አይደለም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። መኪናው ተበላሽቶ አይደለም፣ ገና ራሱን ፈትሾ ስላልጨረሰ ነው። ለጥቂት ቀን ከተማም ሀይዌይም ቀላቅላችሁ ንዱት፣ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለም አስነሱት፣ ከዛ ሂዱ። ቀጠሮ የደረሰባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ኢሚሽኑን አድርጉና ባትሪውን ከዛ በኋላ ቀይሩ፣ እስከዛ የሚያቆይ ከሆነ።

በሚቀጥለው ባትሪ ስትነቅሉ

ኮዱን ቀድማችሁ ያዙ፣ በቃ። ሬዲዮው እየሰራ እያለ ኮዱን ዛሬ ፈልጉት፣ ባትሪው ከመሞቱ በፊት።

አነቃቀሉ፦ ቁልፉን አጥፉና ከመኪናው ውጪ ያዙት፣ የሾፌሩን መስኮት ትንሽ ክፈቱት (በሮቹ በራሳቸው ቢቆለፉ እንዳትቸገሩ)። መጀመሪያ ጥቁሩን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ከዛ ቀዩን ፖዘቲቭ። ስትመልሱ ተቃራኒው፣ ቀዩ መጀመሪያ ጥቁሩ መጨረሻ። ምክንያቱም የመኪናው ብረት ሁሉ ከኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ነው፣ ኔጋቲቩ ሳይነቀል ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፋችሁ የሆነ ብረት ከነካ ከባድ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ባትሪ ደግሞ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል። የእጅ ሰዓትና ቀለበት አውልቁ።

ኮዱ ባይኖራችሁም ፓወሩ እንዳይቋረጥ የሚያደርግ ሜሞሪ ሴቨር የሚባል ዕቃ አለ፣ አውቶ ፓርት ሱቅ ይሸጣል። ከመሪው በታች ባለው ኦቢዲ 2 ሶኬት (መካኒክ የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብበት) የሚሰካውን ምረጡ፣ ምክንያቱም ሶኬቱ ላይ ያለው 16ኛው ፒን ቁልፉ ቢጠፋም ሁልጊዜ ከባትሪ ጋር የተገናኘ ነው። በሲጋራ ማቀጣጠያው የሚሰካው ሆንዳ ላይ ብዙም አያስተማምንም፣ ቁልፉ ሲጠፋ ያ ሶኬት አብሮ ስለሚጠፋ። ዋናው ጥንቃቄ ግን ሜሞሪ ሴቨር ከተሰካ ባትሪው ወጥቶ እንኳን ቀዩ ኬብል ፓወር አለው፣ ጫፉን በወፍራም ጨርቅ ወይ በጎማ ጓንት ጠቅልሉት፣ ብረት እንዳይነካ።

መኪናው አዲስ አበባ ላይ ከሆነ

ከአሜሪካ በመርከብ የሄደ ሆንዳ ኖሯችሁ እዛ ባትሪ ተነቅሎ ከተቆለፈ፣ ሰው እዛ ሆኖ ከላይ በደረጃ 4 መሰረት ሲሪያሉን ያውጣና ከሊብሬው ላይ ካለው የሻንሲ ቁጥር ጋር ይላክላችሁ፣ እናንተ እዚህ ሆናችሁ በሆንዳ ገፅ ትሞላላችሁ። ሻንሲው 17 ሆሄ መሆኑን እዩ። ከጃፓን ገበያ የመጣ ሆንዳ (ለምሳሌ ሆንዳ ፊት የሚባለው ሞዴል) ከሆነ ግን ሻንሲው አጭር ነው፣ የሞዴል መለያ፣ ሰረዝ፣ ከዛ 7 አሃዝ። ያ በአሜሪካው ገፅ አይፈለግም፣ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

ቮልስዋገን ላላችሁ

የድሮዎቹ ጎልፍ፣ ፓሳትና ፖሎ ሬዲዮዎች ሲቆለፉ ሴፍ የሚል ፅሁፍ ያሳያሉ፣ ኮዱ 4 አሃዝ ነው። ሴፍ ካለ በኋላ 1000 የሚል ቁጥር ሲመጣ፣ በተን 1 የመጀመሪያውን አሃዝ ይቀይራል፣ በተን 2 ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያለ እስከ 4። አሃዙ እስኪደርስ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ከሆንዳ የሚለየው ማረጋገጫ አለው፣ አራቱም ሲስተካከሉ ጣቢያ መፈለጊያውን ቀስት ከ2 ሰከንድ በላይ ተጭናችሁ ያዙ። ሙከራው ግን 2 ብቻ ነው፣ ሁለቴ ከተሳሳታችሁ 60 ደቂቃ ይቆልፋል፣ እዚህም ሬዲዮው በርቶ ነው የሚጠበቀው። ሲሪያሉ የሬዲዮው አካል ላይ ባለ ስቲከር በቪደብሊውዜድ ፊደሎች የሚጀምረው 14 ሆሄ ነው፣ ሬዲዮውን ለማውጣት ፊቱ ላይ ባሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች የሚገቡ ለዛው የተሰሩ የብረት ቁልፎች አሉ፣ በቢላ አትሞክሩ። ሲሪያሉንና የመኪናውን ወረቀት ይዛችሁ የቮልስዋገን ዲለር ጋር ሂዱ፣ ኮዱን እነሱ ያወጡታል።